ሬጅስተሩ ያለበት ቦታ ኮምፒውተሩም ይኑር

ሰላም የኮሌጃችን ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? አገር ቤት ያላችሁም፣ ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁም፣ ዱባይና ሪያድ ያላችሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ለኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከተመረቅኩ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ቆላ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር፤ የጤና መረጃ ባለሙያ ሆኜ። ቢሮዬ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የወባ ቻርት ተለጥፏል። በየሳምንቱ ሰኞ የላብራቶሪውን ሬጅስተር አመጣና ፖዘቲቭ የሆኑትን አንድ በአንድ ቆጥሬ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። ከዚያ በማስመሪያ ካለፈው ሳምንት ነጥብ ጋር አገናኘዋለሁ። ቻርቱ ላይ ካለፉት አምስት ዓመታት ቁጥር የተሠራ ሌላ መስመር አለ። ቀዩ መስመር ያንን ካለፈ ወረርሽኝ ነው ማለት ነው።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ አለፈ። ጤፉ ደርሶ አጫጅ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ግቢው ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን በአንድ ጋቢ ጠቅልላ ወረፋ ትጠብቅ ነበር፣ ትልቁ ጥርሱ ይንገጫገጫል። በዚያው ሳምንት መመርመሪያ ኪቱም የወባው መድኃኒት ኮአርተሙም አለቀብን። ሪፖርቱን በሰዓቱ ልከናል፤ ግን መስመሩ ከፍ የሚለው ሰው ከታመመ በኋላ ስለሆነ መድኃኒቱ ተጠይቆ፣ ተጭኖ፣ መንገዱን አቋርጦ እስኪደርስ የሚሆነው ሆኗል። ያንን ቻርት ዛሬም አልረሳውም።

ወባ ከእኛ ጋር የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልፏል እንዳንል፣ በዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቦ 1,157 ሰው ሞቷል።

ብዙ ቆይቼ ያወቅኩት ነገር ይኼ ነው። ትንኟ ዝናብና ሙቀት ተከትላ ስለምትራባ፣ የዝናቡን መረጃ ከየጤና ጣቢያው ሳምንታዊ ቁጥር ጋር አጣምሮ የሚማር ፕሮግራም፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚሉት ዓይነት፣ ከሳምንታት በፊት «እዚህ ወረዳ ሊነሣ ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ ይችላል። በራሳችን ክልልም ተሞክሯል። ኤፒዲሚያ የተባለው ሥራ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንና የክልሉን ጤና ባለሙያዎች ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር አገናኝቶ፣ የሳተላይት መረጃን ከወባ ሪፖርት ጋር እያዛመደ ትንበያ ሠርቷል። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ስነጥበው የነበረው ቁጥር ለካ እንዲህ ያለ ዋጋ ነበረው!

አሁን ቁጥሩ የት ይሄዳል? ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ሚኒስቴር። ሁልጊዜ ወደ ላይ። የሚጽፈው ልጅ መልሶ አያየውም፣ ቢያየውም እንዴት እንደሚያነበው ያስተማረው የለም። ኮሌጃችን ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹ በአንድ ኮምፒውተር አራት አምስት ሆነው ተደራርበው ነው የሚሠሩት። አንዱ ማውዙን ይይዛል፣ ሌሎቹ ያያሉ። መብራት ሲጠፋ መምህሩ ቀሪውን በጥቁር ሰሌዳ ይጨርሰዋል።

«ኤአይውን ሌሎች ይሥሩት፣ እኛ እንጠቀምበት» የሚል ወዳጅ አለኝ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ የሚመርጥ አንድ ፕሮግራም ጥቁሮችን እየዘለለ መገኘቱ ታወቀ። የሕመሙን ክብደት የሚለካው በወጣው የሕክምና ወጪ ነበር። ለጥቁሮቹ የሚወጣው ገንዘብ ቀድሞውኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ እኩል እየታመሙ ጤነኛ መሰሉ። ያ የሆነው መረጃ በሞላበት አገር ነው።

የእኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ነሐሴ 2015 የተወለደ ሕፃን ፕሮግራሙ ዓመቱን በፈረንጅ ካነበበው በአንዴ የስምንት ዓመት ዕድሜ ይጨመርለታል። ጳጉሜን 3 የተወለደችውን ጭራሽ አይቀበላትም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውማ። ፀሐይ የምትባል ሴት ስሟ በላቲን ፊደል ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ሰው ትሆናለች። ይኼን ስሕተት ለይቶ የሚያወጣው ሬጅስተሩን በእጁ ያገላበጠ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኛ ኮሌጅ ነው የሚማረው።

ስለዚህ ያሰብነው ትንሽ ነገር ነው። ኮሌጁ አንድ ክፍል ሰጥቶናል። አሥራ አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ አነስተኛ ሰርቨር፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ሶላርና ባትሪ እንፈልጋለን። ባትሪው ላይ አንደራደርም። ኢንተርኔት በአካባቢያችን ለወራት ሲቋረጥ ሁላችንም አይተናል፤ ሁሉም ነገር ያለኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ ነው የሚዘጋጀው። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች በዙሪያው ካሉ ጤና ጣቢያዎች የሚመጡ ሃያ የመረጃ ባለሙያዎች ይሆናሉ። ቅዳሜና እሑድ፣ የየራሳቸውን ጤና ጣቢያ ቁጥር ይዘው። መጀመሪያ ቁጥሩን ከስሕተት ማጽዳቱን፣ ቀጥሎ ማንበቡን፣ ከዚያ በኋላ ነው ትንበያውን። ማጽዳቱ አብዛኛውን ጊዜያችንን ይወስዳል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አትቸኩሉብን። ከእኛው ባች ሁለት ልጆች በነፃ ሊያስተምሩ ቃል ገብተዋል፤ እኛ የምንሸፍነው ትራንስፖርታቸውንና ምሳቸውን ብቻ ነው።

የሕመምተኛ ስምና የካርድ ቁጥር ከጤና ጣቢያው አይወጣም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም ግን የሰው ምሥጢር ነውና እንጠብቀዋለን። ደግሞ ይታወቅልኝ፣ ኮምፒውተሩ አጎበር አይሰቅልም፣ ኮአርተምም አይሆንም። ኮአርተሙ ቀድሞ የት መላክ እንዳለበት የወረዳው ባለሙያ በጊዜ እንዲያውቅ ግን ያግዘዋል።

የምንለምናችሁ ለአንድ ዓመት በየወሩ 500 ብር ነው። የቻለ ይጨምር፣ ያልቻለ 50 ብርም ቢሆን ያስገባ፣ ስሙ እኩል ይጻፋል። ውጭ ያላችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሚቀይረው ደህና ላፕቶፕ ካለ ጠይቁልን፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ቦታ አይፈጅም። ፓይተን ወይም አር የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች የምትችሉ ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን፣ እሱን ከገንዘብ አናሳንሰውም።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው። ቁጥሩን ከየባቻችሁ ተወካይ ጠይቁ፣ ከሌላ ሰው የመጣ ቁጥር ላይ እንዳታስገቡ። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ እንለጥፋለን። ዝናቡ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ዕቃው ክፍሉ ውስጥ ከገባ ሠልጣኞቹ የመስከረምንና የጥቅምትን ቁጥር ራሳቸው እየተከታተሉ ይማሩበታል። የእኔ የመጀመሪያው ወር ትናንት ገብቷል።