ጉዳዩ፦ ሦስት ክረምት ስላልቻለው የቆርቆሮ ቀለም

ለፋብሪካው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ
ጥር 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ለቤቴ ጣራ ደማቅ ቀይ ባለ ቀለም ቆርቆሮ ከእናንተ ገዛሁ። ሻጩ «አሥር ዓመት ንቅንቅ አይልም» ብሎ ማኅተም ያረፈበት ዋስትና ሰጠኝ። ዛሬ ጣራዬ ሮዝ ሆኗል። በእጄ ስዳብሰው ነጭ ዱቄት ይይዘኛል። ሲዘንብ ደግሞ ዱቄቱ በአሸንዳው ወርዶ በርሜል ውስጥ ይገባል። ልብስ የምናጥብበት ውሃ ነው።

ሠራተኛችሁ መጥቶ ከመሬት አንጋጦ አየና «አቧራ ነው» አለኝ። መሰላል አቅርቤለት ነበር፤ አልወጣም።

አቧራ ከሆነ ብዬ በሳሙና አጠብኩት። ያው ነው። ከዚያ ብሎኑን ፈትቼ ሁለቱ ቆርቆሮዎች የተደራረቡበትን ጠርዝ ገለጥ አደረግሁ። ከሥር ያለው፣ ፀሐይ ያላየው፣ ልክ እንደተገዛበት ቀን ቀይ ነው። አንድ ቆርቆሮ ላይ፣ በጣት ስፋት ርቀት፣ ሁለት መልክ።

ስደውል «ላቦራቶሪ ውስጥ 1000 ሰዓት በአልትራቫዮሌት መብራት ተፈትኗል» ተባልኩ። አልትራቫዮሌት ከፀሐይም የሚመጣ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው። እሺ፣ 1000 ሰዓት ግን 42 ቀን እንኳ አይሞላም። መብራቱ ከፀሐይ ቢያይልም፣ የላቦራቶሪ ሰዓት እንደ ብር ወደ ዓመት አይመነዘርም። ደግሞስ የት ላለ ጣራ ነው የተፈተነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ትበልጣለች። በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ ቢያንስ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር የቀለሙን ማያያዣ፣ ማለትም ፖሊመሩን፣ ይሰባብረዋል። ማያያዣው ሲያልቅ ቀለሙ የሚይዘው አጥቶ ዱቄት ይሆናል። እጄ ላይ የሚቀረው እሱ ነው እንጂ የመንገድ አቧራ አይደለም።

ዋስትናው «ከመጠን ያለፈ መደብዘዝ» ይሸፈናል ይላል። መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ለእናንተ ይመቻል፤ ለእኔ አይመችም።

ስለዚህ የቀለም መለኪያ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ይላክልኝ። ፀሐይ የመታውንና ድርርቡ ሥር ያለውን ለክቶ ልዩነቱን በቁጥር ይጻፍልኝ። አንጸባራቂነቱንም ይለካ። ዱቄቱን ግልጽ ፕላስተር ለጥፎ በማንሳት ማየት ይቻላል፤ ደቂቃ አይፈጅም። የላቦራቶሪውንም ሙሉ ውጤት ላኩልኝ፦ የመብራቱን ዓይነት፣ ሙቀቱን፣ ከፈተናው በፊትና በኋላ የተለካውን ቀለም።

ልኩ የእኔን ቃል ካረጋገጠ፣ መጪው ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ይቀየርልኝ። ከድርርቡ ላይ የቆረጥኳትን ቁራጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ግማሿ ቀይ፣ ግማሿ ሮዝ ናት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ