ጣናን በጠዋት

ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ስንት ክረምት ወጣ! መልእክትሽ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። በጥቅምት እማማንና ልጆቹን ይዘሽ ባሕር ዳር ልትመጪ ማሰብሽን፣ ልጆቹ ከሎዛኑ ከጄኔቫ ሐይቅ ሌላ የእናታቸውን ሐይቅ እንዲያውቁ መፈለግሽን አነበብኩ። «ሦስት ቀን አለን፤ ገዳማቱን በአንዱ ቀን እንጨርሳቸዋለን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አትጨርሻቸውም፣ አትሞክሪውም። ጣና የሚታየው በጠዋት ነው። ሦስት ቀን አለሽ ማለት ሦስት ጠዋት አለሽ ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ጠዋት ለአንድ ነገር ብቻ ስጪው።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ከንጋት እስከ ረፋዱ ድረስ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ረጭ ያለ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ማዕበል አለ። እናንተ ያላችሁበት ሐይቅ 310 ሜትር ድረስ ይጠልቃል፤ ጣና ከእርሱ ከአምስት እጥፍ በላይ ቢሰፋም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩ ደግሞ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ደለሉንም ከሥር የሚያማስለው ይኸው ነው። ልጆቹ ሰማያዊ ውሃ ጠብቀው እንዳያዝኑ ከወዲሁ ንገሪያቸው፤ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ክረምቱን ሙሉ አፈር ሲያወርዱ ከርመው በጥቅምት ጣና ገና ቡናማ ነው።

አመጣጥሽ በአውሮፕላን ይሁን፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል መምጣቱን፣ አባይ በረሃን ለልጆቹ ማሳየቱን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ግን የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቀን እንጂ ዛሬ ላይ ሆነን የምንወስነው አይደለም። ጀልባና መኪና የሚንቀሳቀሱበትንም ሰዓት እንዲሁ።

የመጀመሪያውን ጠዋት፣ ሐሙስን፣ ለጢስ አባይ ያዢው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቅምትን መምረጥሽ ያስደሰተኝ በዚህ ነው፤ ለጥምቀት ብትመጪ ኖሮ የምታዪው በአመዛኙ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ውሃውን የሚሻሙት ብዙ ናቸው። በ1964 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጣዮቹም ዓመታት እንዲሁ) የጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ መጥለፍ ጀመረ፣ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ። በ1996 ደግሞ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል። ከ2010 ወዲህ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በስተምዕራብ በዋሻ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ያዞርና ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል፤ ያ ውሃ በጢስ አባይ በኩል አያልፍም። ሐይቁ ከሁሉ የሚሞላው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ ጢሱ እንደ ስሙ የሚጤሰውም ያኔ ነው።

ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። በምሥራቅ በኩል ያለው በአላታ ድልድይ ያሻግራል፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ አቀበት አለ፣ እይታው ግን ፊት ለፊት ነው። በምዕራቡ በኩል ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ለጥ ባለ ሜዳ ይኬዳል። እማማ በምዕራቡ ይሂዱ። አንቺና ልጆቹ በአላታ በኩል ሂዱና እዚያው ተገናኙ፤ ድልድዩን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ወንዙ በጣም ከሞላ የጀልባው ማሻገሪያ ሊቆም ስለሚችል ከከተማ ከመነሳታችሁ በፊት መንደሩ ስልክ አስደውለን እናረጋግጣለን። ጫማ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ዋልካው እርጥብ ሲሆን ከሶሉ ላይ እየተጣበቀ ይከብዳል፣ ድንጋዩ ላይ ሲወጡበት ደግሞ ያንሸራትታል፤ ሰው የሚወድቀው ጭቃው ላይ ሳይሆን ከጭቃው ወጥቶ ድንጋይ ሲረግጥ ነው።

ዓርብ ዘጌ፣ ገዳማት የበዙበት ወደ ሐይቁ የገባው ልሳነ ምድር። በጀልባ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከግማሽ ሰዓት በላይ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ከቀትር በፊት ከተማ ትመለሳላችሁ። ጀልባ ስትከራዪ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጀልባዋ፣ ስንት ቦታ ትቆማለች፣ ስንት ሰዓት ትጠብቃለች፣ ነዳጁ በማን ነው፤ እነዚህ ሳትሳፈሪ ያልቁ። ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው በዋጋው ሳይሆን በመጠበቂያው ሰዓት ነው። የሕይወት ጃኬት በልጆቹ ልክ መኖሩን ዓይንሽ ይየው፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ውሃ ላይ ሲወድቅ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ፊጭ ብሎ ሲወጣ ታያለሽ። ያ ማቀዝቀዣው መሥራቱን የሚያሳይ ነው። እምቦጭ የሚባለው መጤ የውሃ አረም ወይም የደንገል ስብርባሪ መሳቢያውን ከደፈነው ውሃው ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይግላል፤ ጀልባ ነጂው አጥፍቶ፣ ሞተሩን ወደ ላይ ቀልብሶ በእጁ መጥረግ አለበት። ውሃው መቋረጡን ካየሽ ዝም አትበይ፣ ንገሪው። እምቦጩ ይበልጥ የከፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ነው፤ ግን ተንሳፋፊ ነውና ነፋስ ወዳደረሰው ይሄዳል።

ገዳማቱን በተመለከተ ቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን ጎን ያለ የሴቶች ገዳም ነው፣ በመንገድሽ ላይ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ለሴትም ክፍት ነው፤ ነገር ግን በትንሽ ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ መመለሻው ነፋሱ ላይ ይወድቃል። ከልጆችና ከእማማ ጋር አልመክርሽም፤ ለሌላ ጊዜ፣ በደሴቱ አድሮ ለመመለስ አስቢው።

ዘጌ ላይ ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ሩብ ሰዓት የሚያህል ዳገት ነው፣ ለእማማ ግማሽ ሰዓት ያዢ። መንገዱ በቡናና በጌሾ መካከል ነው የሚያልፈው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት የተከለከለ ነው፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው፣ ሰዉም ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ የሚኖረው ስለዚህ ነው። ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ካያችሁ ደወል ናቸው፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ጥርት ብለው ይጮኻሉ። የአገልግሎት ደወል ስለሆኑ ልጆቹ እንዳይነኳቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ዙሪያ ነው፤ አብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ልጆች ይህን ሁሉ ሥዕል አንድ ጊዜ ሲያዩ ይሰለቻሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኖቹን እንዲያዩ አድርጊ። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን። ይህን ካወቁ ማንም ሳይነግራቸው ሄሮድስን ከሐዋርያት ይለያሉ። ቀጥሎ በላዔ ሰብእን ፈልጉ፤ 78 ነፍስ የበላው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ አንድ ጥርኝ ውሃ የሰጠው። ሚዛኑን፣ በሚዛኑም ላይ ያረፈውን ጥላዋን እማማ ራሳቸው ይተርኩላቸው፤ ከአስጎብኚ ይልቅ ከአያት አፍ መስማቱ ይሻላል። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ብርሃኑ ቀለሙን ይጎዳል ተብሎ። የቤተ ክርስቲያኑ በሮች ጠዋት ሲከፈቱ ብርሃን ከምሥራቅ ይመጣል፤ ጠዋት ሂጂ የምልሽ ለዚህም ጭምር ነው። ካልሲ ያዙ፣ ጫማ ውጭ ይቀራልና ወለሉ ይቀዘቅዛል። ዝርዝር ብርም ያዢ፤ ለመግቢያ፣ ለጫማ ጠባቂ፣ ለአስጎብኚ እየተቆራረሰ ይሄዳል።

ስትመለሱ ታንኳ ታያላችሁ። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች የሚሠሩት ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይጠወልጋል፣ እንደ ነዶ ይታሰራል፣ ነዶው በነዶ ላይ ተደራርቦ ይጠፈርና አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዳዳ ቢኖረው አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው በግንዱ ውስጥ ያለው አየር ነው። ጠላቱ ውሃ መምጠጡ ነው። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ውሃው እንዲንጠፈጠፍለት ዳር ላይ ይቆማል፤ ሳይደርቅ ደጋግሞ ውሃ ከገባ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ መሥራት ነው። ልጆቹ ታንኳ ላይ መቀመጥ ከፈለጉ ዳር ላይ ብቻ፤ አባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት እረፍት፣ ማታ ማኅሌት። መምጫሽ ወርኃ ጽጌ ውስጥ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ እሑድ ንጋት ላይ ወደ ቅዳሴ ይገባል። እማማ ይህን ቢያገኙ ሌላው ሁሉ ቢቀርባቸውም አይቆጫቸውም ብዬ አስባለሁ። ነጠላና ፎጣ ይያዙ፤ ሌሊቱ ከሐይቁ የተነሳ እርጥብ ነው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ልጆቹ በሐይቁ ዳር እግራቸውን እንዳይነክሩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ዳር ነው፤ ተውሳኩ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ መዋጥ አያስፈልግም። ድንገት ከነኩ ወዲያው በፎጣ ይታሹ፣ ምርመራውንም ሎዛን እንደገባችሁ ሳይሆን ከስድስት ሳምንት በኋላ አድርጉት፤ ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር የሰገራ ምርመራ «የለም» ብሎ ያታልላል። ለሐኪምሽ ደግሞ «አዲስ አበባ ነው የምሄደው» ብለሽ አትተዪው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከወባ ስለሚያድናት መድኃኒት አያስፈልግም ይልሻል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ክረምት በወጣ ማግስትም ወባ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የከተማዋን ስም ጠርተሽ ንገሪው፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከመነሳት ቀደም ብሎ የሚጀመር ነው።

ቀኑ ሲቆረጥ ጻፊልኝ። ጢስ አባይ ቀድሞ ዘጌ የተከተለው እማማ ከጉዞው እንዲያርፉ ብዬ ነው፤ በረራሽ ሐሙስ ረፋድ ላይ የሚደርስ ከሆነ ግን ጢስ አባይን ወደ ቅዳሜ ጠዋት እናዞረዋለን፣ ገበያውም ይቀራል። የልጆቹን ክብደትም ላኪልኝ፣ ጃኬቱን በልካቸው አስቀድሜ አስይዛለሁ። እማማን በሁለት ጉልበታቸው ሳሚልኝ።

እህትሽ፣
ከባሕር ዳር