ምኒልክ ያረፉበት 1906 እና ሳን ፍራንሲስኮ የነደደችበት 1906 አንድ ዓመት አይደሉም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በዓለም ታሪክ ዓምዳችሁ «1906» በሚል ርዕስ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የፈረንሳዊውን የፊዚክስ ሊቅ የፒየር ኩሪን አሟሟትና የዐፄ ምኒልክን ዕረፍት በአንድ ዓመት ሥር ደርድሯቸዋል። ሁለቱ የሆኑት በ1906 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሦስተኛው ግን በ1906 ዓ.ም.። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ተኩል ያህል አለ። «በዚህ ዓመት ምን ሆነ» የሚሉ ዓምዶች ሁሉ ዘወትር የሚሰናከሉበት ቦታ ስለሆነ፣ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚታረም በዝርዝር ልጻፍ።

ሳን ፍራንሲስኮ የተናጠችው ኤፕሪል 18 ቀን 1906 እ.ኤ.አ.፣ በከተማዋ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ነው። ይህ በእኛ ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም. ይውላል። ከመንቀጥቀጡ ይበልጥ ከተማዋን የፈጃት ተከትሎ የተነሣው እሳት ነው፤ የውሃ ቧንቧዎቹ ስለተሰባበሩ ማጥፋት አልተቻለም። በማግስቱ ፒየር ኩሪ ፓሪስ ውስጥ መንገድ ሲያቋርጥ የፈረስ ጋሪ ሄደበትና ሞተ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያዊ ስም ካስፈለገ ቦታው የራስ መኰንን ነው። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታምመው ኩልቢ ላይ ያረፉት በመጋቢት 1898 ዓ.ም.፣ ማለት በማርች 1906 እ.ኤ.አ. ነውና። ኢትዮጵያን የሚመለከተው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ስምምነት ለንደን ላይ የተፈረመውም በዚያው የፈረንጅ ዓመት ዲሴምበር 13 ቀን ነው። በእኛ ግን ዓመቱ ተለውጦ ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ሆኗል። አንድ የፈረንጅ ዓመት ምንጊዜም በሁለት የእኛ ዓመቶች ላይ ይከፈላል።

አሁን ወደ 1906 ዓ.ም. እንምጣ። ይህ ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1913 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1914 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ ዓመት ነው ባይ ነኝ። የመስቀል በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 19፣ የዲዝል ሞተር ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዟ ሃሪች በሚሄድ መርከብ ላይ ሌሊቱን ጠፋ፤ አስከሬኑ በኋላ ባሕር ላይ ተገኘ። ታኅሣሥ 3 ዐፄ ምኒልክ አረፉ። ግንቦት ላይ የልጅ ኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ ነገሡ። በዚያው ወር 21ኛው ቀን ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ የተባለችው መርከብ በካናዳ ሴንት ሎረንስ ወንዝ ሰጥማ ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ሰኔ 21 የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከነባለቤቱ ሳራዬቮ ላይ ተገደለ። በወሩ፣ ሐምሌ 21፣ ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ዐወጀች፤ ሐምሌ 28 እንግሊዝ ገባችበት። ነሐሴ 9፣ በፍልስታ ጾም፣ የፓናማ ቦይ በይፋ ተከፈተ። ነሐሴ 14 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 10ኛ ሞቱ፣ በዚያው ቀን የጀርመን ጦር ብራስልስ ገባ። ነሐሴ 26 ደግሞ ማርታ የተባለችው ርግብ ሲንሲናቲ በሚገኘው የአራዊት መጠበቂያ ሞተች። በቢሊዮን ይቆጠር የነበረው የሰሜን አሜሪካ ተጓዥ ርግብ ዘር በእርሷ አበቃ። ፈረንሳይ ውስጥ ጀርመኖች የተገቱበት የማርን ውጊያ የተጀመረው ጳጉሜን 1 ሲሆን ያለቀው መስከረም 2 ቀን 1907 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች በአንድ ሳምንት የሚቆጥሩት ውጊያ በእኛ ሁለት ዓመት ይነካል።

ምኒልክ ባረፉበትና ሳራዬቮ ላይ ጥይት በተተኮሰበት ቀን መካከል ያለው 198 ቀን ብቻ ነው። ክስተቶቹን 1913 እና 1914 እያሉ ለሁለት የሚከፍሉ ዝርዝሮች ይህን ቅርበት ይሸፍኑታል። በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን ቁመው ይታያሉ።

ስሕተቱ የሚመጣው «8 ደምር» ወይም «8 ቀንስ» ከሚለው አቋራጭ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ 8። የምኒልክን ዕረፍት 1914 እ.ኤ.አ. የሚያደርጉት ታኅሣሥ 3 ላይ 8 የሚደምሩ ናቸው። ቀኑን ለማግኘት የየወሩን መባቻ መያዝ ይበቃል፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6። ዘመነ ሉቃስ አልፎ ጳጉሜን ስድስት ሆና ከነበረ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ በፈረንጁ በኩል አንድ ቀን ይጨመራል። ለምሳሌ 1907 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ መስከረም 1 ቀን 1908 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው።

ይህ ሠንጠረዥ ከማርች 1900 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ አይሠራም። ፈረንጆቹ 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 ስላሳለፉት ከዚያ በፊት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንሳል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለው ማርች 1 ቀን 1896 ሆኖ ሳለ በዓሉን ዛሬ ማርች 2 የምናከብረው በዚህ ምክንያት ነው። የሩሲያ ታሪክ ሲነሣም ጥንቃቄ ያሻል። እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሮጌው አቆጣጠር ይጽፉ ስለነበር፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ቀናቸው ላይ 13 መደመር አለበት። የቦልሼቪኮች አብዮት የእነርሱ ኦክቶበር 25፣ የሌላው አውሮፓ ኖቬምበር 7፣ የእኛ ጥቅምት 28 ቀን 1910 ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የወሩን ስም ብቻ ወደ አማርኛ መልሶ ቁጥሩን እንዳለ መተው ነው። «ሰኔ 28 ቀን 1914» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ የሚረዳው ጁላይ 5 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጁን 28 ከተባለ ጁን 28 ይባል፤ ሰኔ ከተባለ ደግሞ 21 ይሁን።

የተመለሰውን ቀን በዕለት ማረጋገጥ ይቻላል፤ ባሕረ ሐሳቡ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ ለዚህ የተመቸ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 1906 ሲደመር 7406 ይሆናል። መጠነ ራብዒቱ፣ ማለት ለ4 ሲካፈል ሙሉው ድርሻ፣ 1851 ነው። ሁለቱ ተደምረው 9257፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ነውና የ1906 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ 21 ያለው 290 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ከሐሙስ ሦስት ሲቆጠር እሑድ። የሳራዬቮው ግድያም የተፈጸመው እሑድ ነው። የምኒልክ ዕረፍት በዚሁ ስሌት ዓርብ ይወጣል። ዕለቱ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የምኒልክ ዜና ዕረፍት ወዲያው ለሕዝብ አልታወጀም፤ ከዚያ አስቀድሞም በሕመማቸው ዓመታት የውጭ ጋዜጦች ሞቱ እያሉ ደጋግመው አትመዋል። ስለዚህ ከአሮጌ የውጭ ጋዜጣ የሚለቀመው ቀን ወሬው የታተመበት እንጂ ያረፉበት አይደለም።

በሚቀጥለው እትማችሁ ዐፄ ምኒልክን ከሳን ፍራንሲስኮ ዝርዝር አውጥታችሁ በቦታው ራስ መኰንንን እንድታስገቡ፣ ከእንግዲህም በዓምዱ ላይ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. እያላችሁ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዓምዱ ተከታታይ፣ አዲስ አበባ