ለእማዬ አንብብላት፣ ስለ ማሙሽ ኳስ ነው

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት፣ ልጆቹ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናችሁ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ብርዱ ግን ገብቷል። ነገ ጾም ስለሚገባ ዛሬ ባለቤቴ ዶሮ ሠርታ ቤቱ የእማዬን ቤት ሸተተኝና ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ስለ ልጄ ስለ ማሙሽ ኳስ በቴሌግራም የላክልኝን ቮይስ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እማዬ ከኋላ ሆና "ካልሆነለት ይተወው፣ ጭንቅላቱን ይመቱብኛል" ስትል ሰምቻለሁ፣ አንተም "አሥር ጨዋታ ተጫውቶ አሥሩንም መሸነፍ ምን ይሠራለታል፣ ትምህርቱን ይማር" ብለሃል። አልተቀየምኩም፣ እኔም እኮ ጥቅምት ላይ ይሄንኑ ብዬዋለሁ። ግን ነገሩን ከሩቅ ስለሆነ የሰማችሁት ዛሬ ከሥሩ ልንገርህ፣ ረዘመብኝ ብለህ እንዳታቋርጠው፣ ለእማዬም ጮክ ብለህ አንብብላት።

መጀመሪያ ነገር ማሙሽ ኮሌጅ ውስጥ የሚጫወተው ኳስ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፣ እኛ ሆጤ ሜዳ ስንራገጠው ያደግነው ኳስ አይደለም። ኳሱ ራሱ ሞላላ ነው ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ በእጅ ይያዛል በእጅ ይወረወራል፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ሄልሜት አድርገው ይገፋፋሉ፣ ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መሄድ አለበት፣ እሱም ዘጠኝ ሜትር ምናምን ነው፣ ከሄደ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፣ ካልሄደ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። እስከ መጨረሻው መስመር ካደረሱት ታችዳውን ይባላል፣ ስድስት ነጥብ ነው። ማሙሽ ታዲያ በዚህ ግፊያ ውስጥ የለም። እሱ ኪከር ነው፣ በእግሩ የሚመታው ማለት ነው። ሜዳው መጨረሻ ላይ ሁለት ረጃጅም ብረት ቆመዋል፣ በመሀላቸው አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን ክፍተት አለ፣ ከመሬት ሦስት ሜትር ላይ ደሞ አግዳሚ አለው፣ ኳሱን በዛ በላይ በመሀል ካሳለፈ ከታችዳውን በኋላ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ያለ ታችዳውን በቀጥታ ከመታው ደሞ ፊልድ ጎል ይባላል፣ ሦስት ነጥብ ያመጣል። እማዬ ስለ ጭንቅላቱ ያልሽው እናቱንም እንቅልፍ የነሳት ነገር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚጋጩት ሌሎቹ ናቸው፣ እሱን በሚመታበት ሰዓት የገጨው ሰው የራሱን ቡድን እስከ 15 ያርድ ያስቀጣል። እስካሁን አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ከመዞሩ በቀር ምንም አልሆነም።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ ብትለኝ ሃይስኩል እያለ ያንን የኛን ኳስ ነበር የሚጫወተው፣ የፉትቦሉ አሰልጣኝ አመታቱን አይቶ ጠራው። ደሞ ይሄ በጎን መጥቶ በውስጥ እግር መምታት የመጣው በስደተኛ ነው እኮ። ድሮ አሜሪካኖቹ ቀጥ ብለው ሮጠው በጫማው አፍንጫ ነበር የሚመቱት፣ ከዛ ፒት ጎጎላክ የሚባል ልጅ፣ ቤተሰቦቹ በፈረንጅ ከ1956ቱ አብዮት በኋላ ከሀንጋሪ የተሰደዱ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደ ሀገሩ ኳስ በጎን ሲመታ ሰው ሁሉ ጉድ አለ፣ 1964 ላይ ቡፋሎ ቢልስ ወሰደው፣ ወንድሙም ፕሪንስተን እንደሱው ይመታ ነበር። አሁን ሀገሩ ሁሉ እንደሱ ነው የሚመታው። ይሄን የነገረኝ ራሱ ማሙሽ ነው፣ ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራ ነበር።

ኮሌጁ ትንሽ ነው፣ ከኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። ዲቪዥን ስሪ ይሉታል፣ በዚህ ደረጃ ያለ ኮሌጅ ለስፖርተኛ ብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ የሚጫወት ልጅም የማይጫወት ልጅም የሚያገኘው እርዳታ በውጤቱና በቤተሰቡ ገቢ ነው። ስለዚህ አንተ "ገንዘብ ካላመጣለት" ያልከው ልክ ነው፣ አምስት ሳንቲም አያመጣለትም። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቶ ብረት ያነሳል፣ ክላስ ይገባል፣ ከሰዓት ልምምድ፣ ማታ ላይብረሪ። መቶ የሚሆኑ ልጆች ናቸው፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው ኑሯቸው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጳጉሜ 1 ቀን ነበር፣ ተሸነፉ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ የነበረውንም ተሸነፉ። መስቀል ሲደርስ አንድም አላሸነፉም። እና አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔም ዘንድሮ ነው የገባኝ፣ የሚሸነፍ ቡድን ኪከር ሥራ የለውም። ቡድኑ ታችዳውን ካላገባ አንዷን ነጥብ የሚመታበት ዕድል የለም፣ ወደ ብረቱ ካልተጠጉ ፊልድ ጎል የለም፣ ነጥብ ከገባ በኋላ ጨዋታውን መልሶ ለመጀመር ኳሱን የሚለጋው ደሞ ያገባው ቡድን ስለሆነ ባላጋራዎቹ ሲያገቡ የነሱ ኪከር ይወጣል፣ የኛ ልጅ ቆሞ ያያል። አንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት በቆየ ጨዋታ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው ሜዳ የገባው። ግን ዳር ላይ ትንሽ መረብ ተተክሎለታል፣ እዛ መረብ ላይ ይመታል፣ ኳሱን ያነሳል፣ እንደገና ያስቀምጣል፣ ይመታል፣ እግሩ እንዳይቀዘቅዝ ማለት ነው። ምናልባት ይጠሩኛል ብሎ። እኔ ከላይ ሆኜ ሜዳውን ትቼ እሱን ነበር የማየው፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን እያየ የኔ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ መረብ ይመታል፣ ሆዴ ባባ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይሜን ትቼ ነው የምሄደው፣ ሺፍት የሚቀይረኝ የሐረር ልጅ አለ እግዚአብሔር ይስጠው። እማዬ የላክሽልኝን ጋቢ ጃኬቱ ላይ ደርቤ ነው የምቀመጠው፣ ሰዉም ለምዶኛል፣ ጋቢው ከሌለ "ዛሬ ምነው" ይሉኛል።

ጥቅምት ላይ ሰባተኛውን በሰፊ ነጥብ ተሸንፈው ቤት መጣ፣ ልብሱን ላጥብለት ቦርሳውን ስከፍት ጫማው ላይ የሚጠመጥመው ነጭ ፕላስተር አብሮ ወጣ፣ በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፣ በኛ ፊደል። "አብሺር" ይላል። እማዬ በስልክ ሁልጊዜ የምትይውን ቃል ነው፣ ሽ በማለት ፈንታ ሺ ብሎ። ፊደሉን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ነው ትቶ የመጣው፣ ማን እንዳስቆጠረው አላቅም። ፕላስተሩን ይዤ ልብስ ማጠቢያው ጋ ቆምኩ። እንዲህ እያየሁ እንኳን ማታ ላይ "ልጄ በቃህ፣ ክብርህን አትጣል፣ ተወው" አልኩት። አልተቆጣም። "አባ እኔ ብተወው ሎንግ ስናፐሩ ለማን ይወረውራል" አለኝ። ሎንግ ስናፐር ማለት በእግሮቹ መሀል ኳሱን ወደ ኋላ የሚወረውረው ልጅ ነው፣ ሌላ አንድ ልጅ ተንበርክኮ ይቀበልና መሬት ላይ ያቆመዋል፣ ማሙሽ ይመታል፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሦስቱ ሁሌ አብረው ናቸው። ስናፐሩ የገበሬ ልጅ ነው ትከሻው በር የሚያክል፣ አንዴ ቤት መጥቶ የባለቤቴን ሽሮ ሦስቴ አስጨምሮ በልቷል። እና መልስ አልነበረኝም፣ ዝም አልኩ።

አጠገቤ ሁሌ የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ፣ የልጅ ልጃቸው ነው የሚጫወተው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊቴን አይተው መሰለኝ ስለ ማካሌስተር ነገሩኝ። እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ ያለ ኮሌጅ ነው፣ ኮፊ አናን የተማሩበት። በፈረንጅ 1974 ላይ መሸነፍ ጀምሮ በተከታታይ 50 ጨዋታ ተሸንፏል። ሃምሳ! አራት ዓመት ተምሮ አንድም ድል ሳያይ የተመረቀ ልጅ አለ ማለት ነው። ከዛ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1980 ማውንት ሴናሪዮ ከሚባል የዊስኮንሲን ኮሌጅ ጋር ተጫውተው ሰዓቱ ሊያልቅ 11 ሰከንድ ሲቀረው ኪከሩ ቦብ ኬይ ፊልድ ጎል መትቶ 17 ለ 14 አሸነፉ። ኪከር ነው ያሸነፈላቸው ወንድሜ! ቤት ገብቼ ቀኑን በኛ ስቆጥረው ጳጉሜ 1 ቀን 1972 ሆኖ አገኘሁት፣ ማሙሽ ዘንድሮ የጀመረበት ቀን። ኋላም ቴክሳስ ያለው የጥቁሮች ኮሌጅ ፕሬሪ ቪው በፈረንጅ ከ1989 እስከ 1998 ድረስ 80 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ያንን ሪከርድ ወሰደው፣ እሱም ላንግስተን የሚባለውን ኮሌጅ 14 ለ 12 አሸንፎ ነው የወጣው። ሽማግሌውን "የማካሌስተር ልጆች ለምን አልተውትም" ስላቸው "ሰኞ ልምምድ ነበራቸዋ" አሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

የመጨረሻው ጨዋታ የቁስቋም ዕለት ነበር። ጽጌን ስጾም ከርሜ ጠዋት ቤተክርስቲያን ደርሼ ነው የሄድኩት። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ኳሱ በብርድ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ሲመቱት እግር ያማል። እና በዛ ቀን ልጆቹ ተጫወቱ! እንዲህ ሲጫወቱ አይቻቸው አላቅም፣ ሊያልቅ ሰባት ሰከንድ ሲቀር በሁለት ነጥብ ብቻ ነበር የሚበለጡት። አሰልጣኙ ማሙሽን ጠራው፣ 37 ያርድ ነው፣ ካገባ ያሸንፋሉ። ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። ማሙሽ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሁለት ወደ ጎን ሄደ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ኳሱ ተወረወረ፣ ተቆመ፣ መታው። ድምፁ ጥሩ ነበር፣ እኔ አሁን በድምፁ አውቃለሁ፣ ከፍ ብሎ ወጣ፣ መሀል ነው ብዬ ተነሳሁ፣ ነፋሱ ወደ ቀኝ ገፋ አረገውና ቀኙን ብረት ቋ አድርጎ መትቶ ወደ ውጪ ወደቀ።

ወንድሜ፣ ያኔ የነበረውን ዝምታ በጽሑፍ አልችለውም። የወዲያኛዎቹ ይጮሃሉ፣ ለኔ ግን አይሰማም። ማሙሽ እዛው የመታበት ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ የደረሰው ያ የገበሬ ልጅ ነው፣ አቅፎ ከመሬት አነሳው፣ ከዛ ኳሱን የሚያቆመው ልጅ፣ ከዛ አንድ በአንድ ሁሉም መጡ፣ አንድ እንኳን ፊቱን ያዞረበት አላየሁም። አሰልጣኙም መጥተው ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባር ለግንባር አድርገው የሆነ ነገር አሉት፣ ምን እንዳሉት እስካሁን አልጠየቅኩትም።

መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል አላወራንም። እናቱ በር ላይ ጠብቃ እግሩን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችለት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን ስናበቃ የኳሱን ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣና "አባ ትይዝልኛለህ?" አለኝ። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ሜዳ ሄድን፣ በረዶ ጣል ጣል ያደርጋል። ተንበርክከህ ኳሱን በአንዱ ጫፉ ታቆመውና ከላይ በአንድ ጣት ትይዘዋለህ፣ የተሰፋበት ክር ወደ ብረቱ መዞር አለበት። ጣቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ብርዱም ነው ፍርሃቱም ነው። "አትንቀሳቀስ አባ፣ እኔን አትየኝ ኳሱን እይ" አለኝ። መታው። ነፋሱ ጆሮዬ ሥር አለፈ እንጂ እግሩ አልነካኝም። ቦርሳው ባዶ እስኪሆን መታ፣ ሁለታችንም ሄደን ለቀምን፣ እንደገና ሞላነው። እጄ ሲደነዝዝ ጋቢውን ጠቅልዬ በጋቢው ላይ ጣቴን አውጥቼ ያዝኩለት። ሲጨልም ነው የገባነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝግቧል፣ ጥር ላይ ብረት ማንሳቱን ይጀምራሉ። ትምህርቱ ደህና ነው፣ ስለሱ አትስጉ።

እና የምለምናችሁ እሁድ ስትደውሉለት ተወው እንዳትሉት። አንተ ስለ ነፋሱ ጠይቀው፣ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ጠይቀው፣ ደስ ብሎት ያስረዳሃል፣ አማርኛው ቢያጥረው ታገሰው። እማዬ ደሞ አብሽር ትበለው፣ በቮይስ ብትልከው ይሻላል፣ መልሶ መላልሶ ይሰማዋል።

ለገና የምልከውን ሳምንት አስገባዋለሁ፣ የእማዬን መድኃኒት ስሙን በፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ባለፈው የላክኸው አይነበብም።

ወንድምህ