ብረቶቹን ብናቀራርባቸውም ያው ነው፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ስብሰባ አድርጓል፣ ፖስተር ለጥፏል፣ የጥያቄና መልስ ውድድርም አዘጋጅቷል። ይህን ሁሉም ክበብ ያደርገዋል። ለመጽሔት የሚበቃው ግን የጨው ውሃው ነገር ነው።

ጥያቄው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ቢነከሩ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ሙል የሚያጠራቅም ዕቃ) ይሆናሉ ወይ የሚል ነበር። ከማይዝግ ብረት ሁለት ቁራጭ ወስደን፣ ከእያንዳንዱ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ውሃ እንዲነካው ሌላውን በፕላስተር ሸፈንን። በ1 ሊትር ውሃ 5.8 ግራም ጨው በጠበጥን።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ዕቃ) ሳላስገባ 3 ቮልት በቀጥታ ብሰጠው ብረቶቹ አረፋ መትፋት ጀመሩ። ውሃን ለመከፋፈል በመርህ ደረጃ 1.23 ቮልት ይበቃል፤ ስለዚህ ሙል ማጠራቀማችንን ትተን ጋዝ አምራቾች ሆነን ነበር። ቮልቴጁን ወደ 0.2 ዝቅ አደረግንና ሞልተን በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል እንዲፈስ ለቀቅነው። ወደ መነሻው 37 በመቶ እስኪወርድ 10 ሰከንድ ያህል ፈጀ፤ ይህም ካፓሲታንሱ፣ ማለትም ሙል የማጠራቀም አቅሙ፣ ወደ 100 ማይክሮፋራድ ይጠጋል ማለት ነው። እነዚያው ብረቶች በ1 ሴንቲሜትር ርቀት እንደ ተራ ካፓሲተር ቢታሰቡ፣ ውሃው መሃላቸው ሆኖም ውጤቱ ከዚህ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ፣ ሲቀራረቡ ካፓሲታንሱ ይጨምራል ብሎ የክፍሉ መጽሐፍ እንዳስተማራቸው፣ ብረቶቹን ከ8 ወደ 1 ሴንቲሜትር አቀራረቧቸው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። አንዲት ተማሪ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ለካችና «መምህር፣ ሰዓቱ ተበላሽቷል» አለችኝ። ሰዓቱ ደህና ነበር። ክፍተቱን የፈለግነው ከቦታው ውጭ ነው፤ የካፓሲተሩ ሁለተኛ ገጽ ማዶ ያለው ብረት ሳይሆን፣ እዚያው ብረቱ ላይ ተጠግተው የተሰለፉት አዮኖች (ሙል ያላቸው የጨው ቅንጣቶች) ናቸው። በብረቱና በአዮኖቹ መካከል ያለው ርቀት ከ1 ናኖሜትር በታች ነው። አንድ ስኒ ውስጥ ሁለት ካፓሲተሮች ተከታትለው ተቀጥለዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲቀጠሉ ጠቅላላው የአንዱ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ብረት ድርሻ የለካነው እጥፍ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 20 ማይክሮፋራድ ገደማ ይሆናል።

ይህን የብረት ገጽና የአዮኖች ድርብ ንብብር ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1853 አስቦት ነበር። ከሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ጉዊ በ1910፣ ቻፕማን በ1913፣ አዮኖቹ በሙቀት ስለሚናወጡ እንደ ደመና ይበተናሉ አሉ፤ ሽተርን በ1924 ሁለቱን ሐሳቦች አስታረቀ። የደመናው ውፍረት በእኛ ብጥብጥ 1 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ጨውን 100 ጊዜ ብናቀጥነው 10 ይደርሳል፣ ካፓሲታንሱም በተወሰነ ቮልቴጅ አካባቢ መቀነስ አለበት። አቅጥነን ሞክረናል። ተማሪዎቹ «አየነው» ለማለት ሲቸኩሉ ከለከልኳቸው፤ የቁጥሮቻችን መወዛወዝ ከሚፈለገው ለውጥ ይበልጥ ነበርና። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀው ብረት ካፓሲታንስ ግን ያለ ጥርጥር ጨምሯል፤ ሻካራ ገጽ ሰፊ ገጽ ነው።

ትልቁ ራስ ምታታችን የብረቱ ገጽ በየቀኑ መለዋወጡ ነው። በ1940ዎቹ ተመራማሪው ዴቪድ ግራሃም ይህንኑ ካፓሲታንስ የለካው በሜርኩሪ (በፈሳሽ ብረት) ነበር፤ ጠብታው ሁልጊዜ አዲስና ለስላሳ ነውና። ይህን በነገርኳቸው ማግስት ሜርኩሪ ይገዛልን የሚል፣ አሥራ አንድ ፊርማ ያረፈበት ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። መልሴ ዘንድሮም ለከርሞም አይሆንም ነው።