ሠላሳ ዓመት ያለፈንም ሕፃናት ክፍል እንግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ዓምድ አንድ አንባቢ «ሕፃናት ቅዳሴ እየረበሹ ነው፤ ወላጆች ሃይ ይበሉልን» ብለው የጻፉትን አንብቤ ነው ይህን የምልክላችሁ። አልፈርድባቸውም። እኔንም ከኋላዬ የቆመ ሕፃን የነጠላዬን ጥለት እየጎተተ ስንቱን እግዚኦታ አስቶኛል። ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እነዚያን ልጆች የሚቀበላቸው ማን ነው? በእኛ ደብር ከሚቀበሉት አንዷ እኔ ነኝ።

ዕድሜዬ 47 ነው፤ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ልጅ አልወለድኩም፣ መምህርም አይደለሁም። የዛሬ አራት ዓመት ዐውደ ምሕረት ላይ «ሕፃናት ክፍል አስተማሪ አጥቷልና ፈቃደኞች ተመዝገቡ» ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። መዝገቡን የያዘው ወጣት ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ ደንቡ እኮ ከ4 እስከ 30 ዓመት ነው የሚለው» አለኝ። ልክ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዐዋዲው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትን ዕድሜ በዚያ ወስኖታል። «አባል አድርጉኝ መች አልኩህ የኔ ልጅ? ንፍጥ ልጥረግ ነው ያልኩህ» አልኩት። ሳቀ። ከሳቀ በኋላም ግን ሁለት ወር አመላለሰኝ።

የምጽፈውም በዚሁ ነገር ነው። ለሕፃናቱ የሚመደቡት አብዛኞቹ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ በመዝሙሩ፣ በሽብሸባው፣ በከበሮው ዕድሜ ልኬን ብሞክር አልደርስባቸውም። ችግሩ አይቆዩም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ይጠፋሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ ደግሞ ከከተማው ይወጣሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት አስተማሪ ሲቀያየር አይቻለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ የአንዱን ስም ሳትለምድ ሌላ ይመጣባታል። እንደምንም የቆየውም 30 ሲሞላው፣ የልጅ አያያዝ ገና ሲገባው፣ «በቃህ፣ አሁን ወደ ሰበካ ጉባኤ» ይባላል።

ብዙ ሰው ሕፃናት ክፍልን «ትንሽ ያዙልን» የሚባልበት ቦታ አድርጎ ነው የሚያየው። እስቲ አንድ እሑድ ልንገራችሁ። ቅዳሴ 3 ሰዓት ግድም ያበቃል። ከሚመጡልኝ 40 ገደማ ልጆች ግማሾቹ ቆርበው ነው የሚመጡት፤ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ጠበል ጠጥተው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። የቆረበው ሮጦ ወድቆ አፉ እንዳይደማ፣ እንዳያስመልሰው እጠነቀቃለሁ፤ ያልቆረበው ደግሞ መሮጥ አምሮታል። ሁለቱን አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ እግራቸው መሬት በማይደርስበት የአዋቂ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ማስተማር ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። በመጀመሪያው ወር ስለ ኖኅ መርከብ ስተርክ አንዱ «ቲቸር፣ መርከቡ ውስጥ ዳቦ አለ?» አለኝ። (ቲቸር ነው የሚሉኝ። እትዬ በሉኝ ብዬ ስንት ለመንኩ፤ ኬጂው አሸነፈኝ።) ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ ትምህርት ሆነ። ዳቦውን እናቶች በተራ ይጋግራሉ።

ከበሮም አለ። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ)፣ ጠፍሩ በጌታ ጀርባ ላይ የወጣው ሰንበር ምሳሌ ነው ብለን እናስተምራለን። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ከበሮ የሚመታ ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ መትቶ ያሳልፋል፣ ሌሎቹ ጮክ ብለው ይቆጥሩለታል። እኔን ራሴን ያዞረኛል፤ ለእነሱ በዓል ነው። ሆሣዕና ሲደርስ ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ዘንባባ ሰንጥቆ ቀለበት መሥራት የጣት ሥራ ነው፤ ጣት ማስተማር እችላለሁ። ባለፈው ሆሣዕና፣ ክፍል ውስጥ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ አንድ ልጅ ሰባት ቀለበት ሠርቶ ለዲያቆኑ ሳይቀር አደለ።

የጠፋውን በግ ታሪክ ለማስተማር ከስፌት ቁርጥራጭ 12 በግ ሰፋሁ። መቶውን ልሰፋ አቅሙ የለኝም። አንዱን አግዳሚ ሥር ደብቄ «ተነሡ እንፈልገው» ስል አንዲት ልጅ አልነሣም አለች። ምነው ስላት «እረኛው ሲሄድ እነዚህን ማን ይጠብቃቸዋል?» አለችኝ። ዲያቆኑን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ጠየቅሁት፤ እሱም ሳቀ።

ባለፈው ዓመት በወርኃ ጽጌ አንድ እሑድ እረኛዋ እኔው ሆንኩ። አብሮኝ የሚያገለግለው ወጣት ፈተና ነበረበትና ብቻዬን ነበርኩ። አንዷን ሆዷን አመማት፤ ግቢው ጥግ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ይዣት ሄድኩ። 38 ትቼ ሄጄ ተመልሼ ስቆጥር 37። ደግሜ ቆጠርኩ። እግሬ ከዳኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ግቢውን ዞረን ያገኘነው በሩ ላይ ከነዳያኑ መሐል ቁጭ ብሎ፣ ዳቦውን ከአንዲት አሮጊት ጋር እየተካፈለ ነው። ልጁማ ደስ ብሎታል። እናቱ ከዚያ ቀን በኋላ አላመጣችውም።

«ሁለት አዋቂ ሳይኖር ክፍሉ አይከፈት» ብዬ ለኃላፊዎቹ አመለከትኩ። «እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» ተባልኩ። አሜን። ሙዳየ ምጽዋቱን ግን አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ሰዎች ቆመው፣ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ነው። የሚቆጥረውን ሰው ስለጠረጠርነው አይደለም፤ እሱም ከሐሜት እንዲድን ነው። ልጆቹ ላይ ሲሆን ይህን ማሰብ ለምን እምነት ማነስ እንደሚመስል እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እስኪወስኑ ድረስ እጄ ላይ ባለው ነገር ጀመርኩ። ሽሮ ሜዳ ከጥለት የሚተርፍ ቁራጭ በየቀኑ ይጣላል፤ ቀለሙም ጥበቡም ልዩ ልዩ ነው። ጠዋት ልጁ ሲገባ አንዱን ቁራጭ ለሁለት እቆርጥና ግማሹን ክንዱ ላይ አስራለሁ፣ ግማሹን ላመጣው ሰው እሰጣለሁ። ሲወጡ ጥለቱ ካልገጠመ ልጁ አይወጣም። አንዲት አያት «በእግዚአብሔር ቤት ልጅ ይሰረቃል ብለሽ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። በሌላው እሑድ ልጅቷን ሊወስዱ ሲመጡ ግማሹን ጥለት የት እንዳደረጉት ጠፋባቸው። የልጅ ልጃቸው እጇን አጣጥፋ «እማማ፣ ጥለትሽን አምጪ» አለቻቸው። ዞር ዞር ብለው ፈልገው ቆመው ካስቀደሱበት ቦታ አገኙት። ዛሬ በሩ ላይ ወንበር ይዘው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እሳቸውን አልፎ የወጣ ልጅ እስካሁን የለም።

የአባልነቱ ዕድሜ እንደ ደንቡ ይሁን፤ እሱን አልነካም። ግን ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ እናቶች በየደብሩ ሞልተዋል። አባቶችም አሉ፣ ሲጠየቁ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ይላሉ እንጂ። ወጣቶቹ ያዘምሩ፣ ያስተምሩ። እኛ እንቁጠር፣ ጫማ እንሰር፣ መጸዳጃ ቤት እናድርስ። አዲስ የሚመደበውም ወጣት አስተማሪ በፈተና ሰሞን ክፍሉ ተዘጋ ብሎ ከሚጨነቅ ይልቅ አንድ የቆየ ሰው አጠገቡ ያግኝ።

ስለ ቅዳሴው ረብሻ የጻፉት አንባቢም እሑድ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ጊዜ ካላቸው በደብራቸው ይጠይቁ፤ የምዝገባው ልጅ ቢያመላልሳቸው ተስፋ አይቁረጡ። የጥለቱን ነገር መሞከር ለሚፈልግ ደብር ደግሞ ቁራጩን በነጻ እሰጣለሁ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ስላለሁ ሰው ልከው ይውሰዱ።

የሕፃናት ክፍል አገልጋይ
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)