የሕክምና ገንዘብ የሚከፈለው መቼ ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአገሮችን የጤና ወጪ የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች ሲወጡ በትኩረት አነባለሁ። አብዛኞቹ አንድ አገር ለአንድ ሰው በዓመት ስንት ዶላር እንደሚያወጣ ነግረውን ያበቃሉ። ባለፈው ዓመት እናቴን ሳስታምም ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚጠየቅበት ሰዓት ሰውን እንዴት እንደሚያንበረክክ ስላየሁ፣ ንጽጽሩ ከዚያ ቢጀምር እላለሁ።

እናቴ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የአልጋው ክፍያ አነስተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ፣ ጉሉኮሱ፣ ጓንቱ ሳይቀር ግን «ከውጭ ግዙ» እየተባልን የሐኪም ማዘዣ ይዘን እንሮጥ ነበር። ከጎናችን የተኙት እናት ከገጠር የመጡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ናቸው። የአባልነት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር ያኖሩታል። መዋጮውን በጊዜው ከፍለዋል፤ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ስላልነበረ ግን ልጃቸው በግ ሸጦ ከውጭ ፋርማሲ ገዛላቸው።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ባቋቋመችው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ወጪው በአብዛኛው ከግብር ስለሚሸፈን፣ በሽተኛው ሆስፒታል ሲተኛ ገንዘብ አይጠየቅም። በእንግሊዝ ለታዘዘ መድኃኒት የተወሰነ ክፍያ ቢኖርም ሕፃናትና 60 ዓመት የሞላቸው አይከፍሉም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ የያዘችው መንገድ ደግሞ ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ ሲሆን፣ ዛሬ መነሻው 14.6 በመቶ ሆኖ ሠራተኛውና አሠሪው እኩል ይካፈሉታል። በሁለቱም አገሮች ሰው በአብዛኛው የሚከፍለው ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ነው።

አሜሪካ ከአገር ውስጥ ምርቷ ከ17 በመቶ በላይ ለጤና ታወጣለች፤ ከሀብታም አገሮች መካከል የሚስተካከላት የለም። ይሁን እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች መድኅን የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ መድኅኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሺህ ዶላር ከኪሳቸው የሚወጣበት ጊዜ አለ። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በየወሩ ከደመወዟ እየተቆረጠባት እንኳ አምቡላንስ መጥራት ትፈራለች።

ለእኛ የሚቀርበን የታይላንድ ልምድ ይመስለኛል። ታይላንድ ሀብታም አገር ሳትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ መድኅን ያልነበረው አብዛኛው ሕዝቧ ለአንድ ጊዜ ሕክምና 30 ባት ብቻ እየከፈለ እንዲታከም አደረገች፤ ያ በጊዜው ምንዛሪ አንድ ዶላር አይሞላም ነበር። ቀሪውን መንግሥት በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ለሆስፒታሎቹ ይከፍላል። ይህ የሠራው ግን አስቀድሞ ለአሥርተ ዓመታት የወረዳ ሆስፒታሎችን ስትገነባና አዳዲስ ሐኪሞችን ገጠር ስትመድብ በመቆየቷ ነው። ደብተሩን የያዘ ሰው ሲመጣ የሚታከምበት ቦታ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል።

በእኛ አገር ከጤና ወጪው ሲሶ የሚጠጋው ከበሽተኛው ኪስ የሚወጣ ነው። ለቀብር በእድር አስቀድመን በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች፣ ለሕክምና ግን የበሽተኛ ፎቶ መኪና ላይ ለጥፈን በድምፅ ማጉያ የምንለምነው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ይህን አስቀድሞ የማዋጣት ልማድ ወደ ሕክምና ያመጣ ትልቅ ሥራ መሆኑን ከልቤ አምናለሁ። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድኅን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢደነገግም ለረጅም ዓመታት ሲንከባለል ቆየ። ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ይዋጣል ሲባል ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ አጉረምርመዋል። እኔ ግን የቅሬታቸው ሥር ከ3 በመቶው ይልቅ «ከውጭ ግዙ» የምትለው ቃል ትመስለኛለች። መድኃኒት በመስኮቱ በኩል ሲሰጠው ያየ ሠራተኛ መዋጮውን አይጠላውም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የአገሮችን ወጪ ሲያነጻጽር፣ አንድ ዘጋቢ ወደ መንግሥት ሆስፒታሎች ፋርማሲ ልኮ በአንድ ሳምንት ከቀረቡት የመድኅን አባላት ማዘዣዎች ስንቱ እዚያው እንደተሟላ፣ ስንቱ ወደ ውጭ እንደተላከ ቆጥሮ ቢያወጣልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ